የዛቢክስን ዳታቤዝ ማዋቀርና ባክአፕ ማድረግ፦ መብራት ለሚመላለስበት ሰርቨር ክፍል

ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የአይቲ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ካሜራው፣ ስዊቹ፣ የሒሳብ ሰርቨሩ፣ የአሻራ ማሽኑ ሁሉ የእሱ ኃላፊነት ነው። አንዱ ሲቆም ስልኩ ይጮኻል። እንዲህ ላለ ሰው ዛቢክስ ትልቅ እፎይታ ነው። በነጻ የሚገኝ የክትትል ሶፍትዌር ነው፤ ላትቪያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የወጣ። የሰርቨሩን ፕሮሰሰር፣ የዲስኩን ቦታ፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነት፣ የዩፒኤሱን ባትሪ ቀን ከሌሊት ይለካል። ችግር ሲያይ ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ከማለቱ በፊት ይነግራችኋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መረጃ የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የመዘገባችኋቸው ዕቃዎች (ሰርቨሮች፣ ስዊቾች፣ ካሜራዎች)፣ ያወጣችኋቸው የማንቂያ ደንቦች፣ የተጠቃሚዎች አካውንት፣ የተለካው ቁጥር በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ሶፍትዌሩ ቢጠፋ በግማሽ ሰዓት እንደገና ይጫናል። ዳታቤዙ ከጠፋ ግን የወራት ልፋት አብሮ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ዛቢክስን ማይኤስኪውኤል ከሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ጋር ለሚጠቀሙ ነው። ማሪያዲቢ የሚባለው የእሱ ዘመድ ላይም በጥቂት ልዩነት ይሠራል። የሴቲንጎቹንና የትዕዛዞቹን ስም እንደምንጠራቸው ጽፌያለሁ። ኪቦርድ ላይ ሲጻፉ የሴቲንግ ስሞች በታች ሰረዝ፣ የትዕዛዝ አማራጮች ደግሞ በመሐል ሰረዝ ይያያዛሉ።

ውስጡ ያለውን ለዩ

ብዙ ሰው ዳታቤዙን እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ስለሚያየው ባክአፑ ይከብደዋል። «40 ጊጋባይት በየቀኑ የት ላድርሰው?» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ሥራውን የምጀምረው ይዘቱን ሦስት ቦታ ከፍዬ ነው።

የመጀመሪያው ኮንፊጉ ነው። ዕቃዎቹ፣ ቴምፕሌቶቹ (ለብዙ ዕቃ የሚሆኑ የመለኪያ ዝርዝሮች)፣ የማንቂያ ደንቦቹ፣ ግራፎቹ፣ ተጠቃሚዎቹ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት የሚቆጠር። ነገር ግን በእጃችሁ አንድ በአንድ የሠራችሁት ስለሆነ ሲጠፋ የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ሁለተኛው ሂስትሪ የሚባለው ነው። በየደቂቃው የተለካው ጥሬ ቁጥር። ሂስትሪ፣ ሂስትሪ ዩኢንት፣ ሂስትሪ ኤስቲአር፣ ሂስትሪ ቴክስት፣ ሂስትሪ ሎግ በሚሉ ሰንጠረዦች ውስጥ ይቀመጣል። ከ7.0 ወዲህ ሂስትሪ ቢን ተጨምሯል። የዳታቤዙን ቦታ በሙሉ የሚበላው ይህ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት የስዊቹ ሙቀት ስንት እንደነበር ግን ከሁለት ወር በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ሦስተኛው ትሬንድ ነው። የእያንዳንዱ ሰዓት ዝቅተኛ፣ አማካይና ከፍተኛ ቁጥር። ትሬንድስና ትሬንድስ ዩኢንት የሚባሉት ሁለቱ ሰንጠረዦች ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠርተው «ኢንተርኔቱ አይበቃንም የምትሉት በምን ማስረጃ ነው?» ቢሉ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ኮንፊጉ በየቀኑ፣ ትሬንዱ በየሳምንቱ ባክአፕ ይደረጋል። ሂስትሪው ቦታና ጊዜ ካለ ይደረጋል፣ ከሌለም ይቅር። ይህን ከወሰናችሁ ሥራው ቀላል ነው።

ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

60 ዕቃ አላችሁ እንበል። ከእያንዳንዱ 50 ነገር ትለካላችሁ። ይህ 3,000 መለኪያ ነው። ሁሉም በየ60 ሰከንዱ ከተለኩ በሰከንድ 50 ቁጥር ይገባል፤ በቀን 4,320,000 ማለት ነው። አንድ ቁጥር በግምት 90 ባይት ይይዛል። በቀን ወደ 389 ሜጋባይት፣ በ30 ቀን ደግሞ 12 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል።

ትሬንዱ በአንጻሩ ቀላል ነው። 3,000 መለኪያ በየሰዓቱ አንድ መስመር ስለሚጽፍ ዓመቱን ሙሉ 2.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለዚህ ነው ሂስትሪውን ለ14 ወይም ለ30 ቀን፣ ትሬንዱን ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያዙ የምለው። ከስሌቱ በላይ ቢያንስ እጥፍ ቦታ ተዉ። ኢንዴክሱ፣ ሎጉና የባክአፑ ጊዜያዊ ፋይል ቦታ ይፈልጋሉ።

ቁጥሩ ከበዛ ዲስክ ከመጨመር በፊት የምትለኩትን ቀንሱ። የዲስክ ቦታ በየደቂቃው መለካት ምን ያደርጋል? በየ10 ደቂቃው ይበቃል። የዕቃው ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር በቀን አንዴ ይበቃል። እምብዛም የማይለወጥ ነገር ላይ ደግሞ ያልተለወጠውን የሚጥለውን የፕሪፕሮሰሲንግ አማራጭ አብሩ። በዚህ ብቻ ጭነቱ በእጅጉ ሲወርድ ታያላችሁ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ዛቢክስ ያለማቋረጥ በትናንሹ የሚጽፍ ሶፍትዌር ስለሆነ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይደክምበታል።

ዳታቤዙን ስትፈጥሩ

ካራክተር ሴቱ (ፊደል የሚቀመጥበት ኮድ) ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4፣ ኮሌሽኑ (ፊደል የሚወዳደርበት ደንብ) ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ቢን ይሁን። ዛቢክስ የሚፈልገው ይህንን ነው። በዚህ ላይ የዕቃውን የሚታይ ስም በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። «የጥበቃ ቤት ካሜራ» የሚል ማንቂያ ሲመጣ የአይቲ ሰው ያልሆነም ይረዳዋል።

ዋናውን የሰንጠረዥ ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት ሎግ ቢን ትረስት ፈንክሽን ክሪኤተርስ የሚለውን ለጊዜው 1 አድርጉት። ካላደረጋችሁ ትሪገሮቹ (ዳታ ሲለወጥ ዳታቤዙ ውስጥ በራሳቸው የሚነሱ ትዕዛዞች) ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ሊቆም ይችላል። ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ 0 መልሱት።

ለዛቢክስ የራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ ሁሉን የሚችለውን ሩት አትስጡት። ለባክአፕ ደግሞ ሌላ ተጠቃሚ፣ ማንበብ ብቻ የሚችል። የባክአፑ ተጠቃሚ ሰሌክት፣ ሾው ቪውና ትሪገር የሚባሉት መብቶች ያስፈልጉታል። ማይኤስኪውኤል በሌላ ማሽን እስካልተፈለገ ድረስ 3306 ፖርቱ ከራሱ ከሰርቨሩ ውጪ አይከፈት።

መነካት ያለባቸው ሴቲንጎች

ኢንተርኔት ላይ ሃያና ሠላሳ መስመር ሴቲንግ ቅዱ የሚሉ ምክሮች አሉ። አትቸኩሉ። ትርጉሙን የማታውቁትን አትንኩ። ለውጥ የሚያመጡት ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ ነው። ዳታቤዙ ሚሞሪ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። ሳይነካ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለዛቢክስ በጣም ያንሳል። ሰርቨሩ 8 ጊጋ ራም ካለውና ዛቢክሱም ዌብ ሰርቨሩም አንድ ላይ ከሆኑ 4 ጊጋ ስጡት። ማሽኑ ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ እስከ 70 በመቶ መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው የሪዱ ሎጉ፣ ለውጦች ሰንጠረዡ ላይ ከመድረሳቸው በፊት የሚመዘገቡበት ሎግ፣ መጠን ነው። ከማይኤስኪውኤል 8.0.30 ወዲህ ባሉት ኢኖዲቢ ሪዱ ሎግ ካፓሲቲ ይባላል። 100 ሜጋባይት ሆኖ ይመጣል፤ 1 ጊጋ አድርጉት። የጽሑፍ ጭነት ሲመጣ ዲስኩ አይጨናነቅም።

ሦስተኛው ባይነሪ ሎግ፣ ዳታቤዙ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ነው። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ሳትጠይቁት በርቶ ይመጣል፤ ለ30 ቀንም ያስቀምጣል። ዛቢክስ ብዙ ስለሚጽፍ ይህ ሎግ ከዳታቤዙ በላይ ሆኖ ዲስክ ሲሞላ ማየት የተለመደ ነው። ሬፕሊካ (በሌላ ማሽን ያለ ተከታይ ቅጂ) ከሌላችሁ ባይንሎግ ኤክስፓየር ሎግስ ሰከንድስ የሚለውን ወደ 259200 አውርዱት፤ 3 ቀን ማለት ነው። ማሪያዲቢ ላይ ካላበራችሁት አይበራም።

አራተኛው ኢኖዲቢ ፍላሽ ሎግ አት ቲአርኤክስ ኮሚት ነው። 1 ሲሆን እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስኩ ላይ አድርሶ ነው የሚቀጥለው፤ አስተማማኝ ነው ግን ይዘገያል። 2 ሲሆን ወደ ዲስክ የሚያወርደው በሰከንድ አንዴ ገደማ ነው። መብራት ድንገት ቢሄድ የመጨረሻዋን ሰከንድ ታጣላችሁ። ለክትትል መረጃ አንዲት ሰከንድ ምንም አይደለችም፤ 2 ማድረግ ይቻላል። ግን እዚያው ማይኤስኪውኤል ላይ የሒሳብ ወይም የሽያጭ ሶፍትዌር ካለ 1 ይሁን። የተሸጠ ዕቃ መዝገብ አንድ ሰከንድም መጥፋት የለበትም። እንዲያውም ሁለቱን አንድ ላይ ባታስቀምጧቸው ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ፍጥነት ይጨምራል ተብሎ ኢኖዲቢ ደብልራይት የሚባለውን አጥፉ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አታጥፉት። ጽሑፍ መሐል ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ በግማሽ የተጻፈውን ገጽ የሚያድነው እሱ ነው። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህን ማጥፋት ዳታቤዙን አሳልፎ መስጠት ነው።

መብራትና ጄኔሬተር

ይህን የዳታቤዝ ጉዳይ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ዋናው ጉዳይ ነው እላለሁ። የተበላሸ ዳታቤዝ ሲያጋጥም መጀመሪያ የምጠይቀው መብራት እንዴት እንደሄደ ነው።

ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ጄኔሬተሩን የሚያስነሱትን የጥበቃ ሠራተኛ አነጋግሩ። «ጋሼ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» በሉ። ቀን ከሆነ ሁለት ደቂቃ ይሏችኋል። «ሌሊትስ?» በሉ። ሌሊት ነገሩ ሌላ ነው። ከጥበቃ ቤት ወጥተው፣ ባትሪ ይዘው፣ መጋዘኑን ዞረው፣ የክፍሉን ቁልፍ ከፍተው ነው። መጀመሪያም መብራቱ ይመለስ እንደሆነ ትንሽ ይጠብቃሉ። «እሑድስ?» እሑድ ምርት ስለሌለ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ነዳጁ የሚቀዳው ለምርት እንጂ ለአንድ ሰርቨር አይደለም። ይህን መልስ ማንም ማኑዋል ላይ አታገኙትም። ዩፒኤሱ መሸከም ያለበት ደግሞ የሌሊቱንና የእሑዱን ነው።

ስለዚህ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫኑ። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ አዘጋጁት። ወደ ባዶ እስኪጠጋ አትጠብቁ። ያረጀ ባትሪ 40 በመቶ እያለ ድንገት ይወድቃል፤ ዛቢክስም ሲዘጋ ሚሞሪ ላይ የያዘውን ሁሉ ወደ ዳታቤዙ ስለሚያወርድ ጊዜ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ዛቢክስ ሰርቨር ይዘጋ፣ ከዚያ ዳታቤዙ።

ከዚያ በሥራ ቀን፣ ባክአፕ ካደረጋችሁ በኋላ፣ የዩፒኤሱን ሶኬት ንቀሉና እውነት ይዘጋ እንደሆነ ቆማችሁ እዩ።

አሮጌውን ማጽዳት

ዛቢክስ ሃውስኪፐር የሚባል የራሱ አጽጂ አለው። በየሰዓቱ ዕድሜው ያለፈውን ያጠፋል። አድሚኒስትሬሽን ውስጥ ሃውስኪፒንግ ገብታችሁ የሂስትሪውንና የትሬንዱን ዕድሜ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መወሰን ትችላላችሁ። እስከ መካከለኛ መጠን ይህ ይበቃል። የጠፋው መረጃ ቦታ ግን ወደ ዲስኩ አይመለስም፤ ዳታቤዙ ለሚቀጥለው መረጃ ይጠቀምበታል። ሰንጠረዡ በጣም ካደገና ማጽዳቱ ራሱ ሰርቨሩን ካዘገየ ሂስትሪውን በቀን በቀን ፓርቲሽን አድርጉት፤ ሰንጠረዡን በየቀኑ ክፍል መከፋፈል ማለት ነው። ያኔ አሮጌው ቀን ሙሉ በሙሉ ይጣላል፣ ቦታውም ይመለሳል።

የየቀኑ ባክአፕ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። የምንጠቀመው ማይኤስኪውኤልዳምፕ የሚባለውን፣ ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣ፣ ከዳታቤዙ ጋር አብሮ የሚመጣ ትዕዛዝ ነው።

1. የባክአፑን ተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ በተጠቃሚው ሆም ፎልደር ውስጥ ባለው የማይኤስኪውኤል ኮንፊግ ፋይል ጻፉ። የፋይሉን ፈቃድ 600 አድርጉ፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነበውም። ፓስዎርድ ስክሪፕት ውስጥ ወይም ትዕዛዙ ላይ በግልጽ አይጻፍ።

2. መጀመሪያ የሰንጠረዦቹን ቅርጽ ብቻ አውጡ። ኖ ዳታ የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ፤ ስኪፕ ትሪገርስም ጨምሩበት። ይህ ትንሽ ፋይል ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃም ይህ ነው። ሂስትሪውን ትቶ ዳታ ብቻ ያወጣ ሰው ሲመልስ የሂስትሪ ሰንጠረዦቹ ጭራሽ አይኖሩም፤ ዛቢክስም አይነሳለትም።

3. ቀጥሎ ዳታውን አውጡ። ኖ ክሪኤት ኢንፎ የሚለውን አማራጭ ስጡ። ኢግኖር ቴብል በሚለው ደግሞ ሂስትሪ የሚሉትን ሁሉና ሁለቱን ትሬንዶች አንድ በአንድ አስወጡ። ትሪገሮቹ በዚህኛው ፋይል ይወጣሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ሲመለስ ትሪገሩ የሚፈጠረው ዳታው ከገባ በኋላ ስለሆነ አላስፈላጊ መዝገብ አይፈጥርም።

4. ለሁለቱም ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን አማራጭ አትርሱ። ዛቢክስ እየሠራ፣ ሰንጠረዥ ሳይቆለፍ፣ የአንድ ቅጽበት ሙሉ መልክ ይወጣል። የፕሮሰስ መብት ይጎድላል የሚል ስህተት ከመጣ ኖ ቴብልስፔስስ ጨምሩ።

5. ውጤቱን በጂዚፕ ጨምቁት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ዳምፑ መሐል ላይ ቢወድቅም ጂዚፑ የደረሰውን ጨምቆ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ስክሪፕቱም የተሳካ ይመስለዋል። ባሽ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፓይፕፌይል የሚለውን አማራጭ አብሩ። በተጨማሪ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር አንብቡ። ዳምፕ ኮምፕሊትድ የሚል ከሌለበት ፋይሉ ጎዶሎ ነው።

6. ከዳታቤዙ ውጪ ያሉትንም ያዙ። ኢቲሲ ሥር ያለው የዛቢክስ ፎልደር፣ የዌብ ሰርቨሩ ኮንፊግ፣ ራሳችሁ የጻፋችኋቸው የማንቂያና የመለኪያ ስክሪፕቶች። ወደ ቴሌግራም መልእክት የሚልከው ስክሪፕት ዳታቤዙ ውስጥ የለም።

7. በስክሪፕቱ መጨረሻ፣ ሁሉም ከተሳካ ብቻ፣ ስሟ የማይለወጥ አንዲት ባዶ ፋይል ጊዜዋን አድሱ። ዛቢክስ ራሱ ያቺን ፋይል ይከታተል። ከ26 ሰዓት በላይ ካልታደሰች ማንቂያ ይላክ። ዛቢክሱ ራሱ ከቆመ ግን የሚያስጠነቅቅ ስለማይኖር ጠዋት ጠዋት ፎልደሩን በዓይን ማየትን ልማድ አድርጉ።

ለትሬንዱ ሌላ ስክሪፕት በሳምንት አንዴ ይሂድ፤ አሠራሩ ያው ነው። ሙሉውን ሂስትሪ የግድ የሚፈልግ ካለና ዳታቤዙ ከ50 ጊጋ በላይ ከሆነ ዳምፕ ሰዓታት ይወስዳል፤ መመለሱ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ያኔ ኤክስትራባክአፕ፣ ለማሪያዲቢ ደግሞ ማሪያዲቢ ባክአፕ የሚባሉት ፋይሉን እንዳለ ስለሚገለብጡ ይሻላሉ። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የእሱ ባክአፕ ትዕዛዝ ፒጂዳምፕ ኤክስክሉድ ቴብል ዳታ የሚል አማራጭ አለው፤ ቅርጹን ይዞ ዳታውን ብቻ ይተዋል። በአንድ ፋይል ያልቃል።

ሰዓቱ

ሁለት ሰዎች ስለ ባክአፕ ሲነጋገሩ «ስምንት ሰዓት ላይ ይሂድ» ይባባላሉ። ከሌሊቱ ስምንት ማለታቸው ነው። ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 8 ብለው ከጻፉ ግን ሥራ በሚጀመርበት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ለክሮን 2፡30 ነው። የሰርቨሩንም የፒኤችፒውንም ታይምዞን አፍሪካ አዲስ አበባ አድርጉት። ካልሆነ ግራፉ በሦስት ሰዓት ዞሮ ይታያል።

የፋይሉን ስም ኮምፒውተሩ በሚያወጣው የፈረንጅ ቀን፣ ዓመቱን አስቀድማችሁ ሰይሙ። በስም ሲደረደሩ በጊዜ ይደረደራሉ። በደብተራችሁ ላይ በእኛው ቀን ብትጽፉ ችግር የለውም፤ ፋይል ላይ ግን ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ሌላው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፤ ያቺ ሳንቲም የምታክለው። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ቦታ ያረጀ ማሽን ባትሪዋ ሲያልቅ ሰዓቱን ይረሳል። ሲነሳ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን የሚያስተካክልለት የለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ቀን ሥራ ይጀምራል። ከዚያ ሰዓቱ ሲስተካከል ወደፊት ይዘላል። «ከ14 ቀን በላይ የሆነውን አጥፋ» የሚል ስክሪፕት በዚህ መሐል ምን እንደሚያጠፋ አስቡት። ስለዚህ አሮጌ ባክአፕ በዕድሜ ሳይሆን በብዛት ይጥፋ። የመጨረሻዎቹ 14 ፋይሎች ይቆዩ፣ የቀረው ይሰረዝ። እሱም የዛሬው ባክአፕ ከተሳካ ብቻ።

ከግቢው ማስወጣት

ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አንዱን መረጃ ሁለት ዲስክ ላይ የሚጽፈው ሬድም ባክአፕ አይደለም፤ ሰንጠረዡን በስህተት ስትሰርዙ ሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይሰረዛል። እሳት፣ ጎርፍ፣ ሌባ ደግሞ ሰርቨሩንም አጠገቡ ያለውን ዲስክም አይለዩም።

መጀመሪያ ግን ፋይሉን ጂፒጂ በሚባለው የማመስጠሪያ ሶፍትዌር ቆልፉት። ዛቢክስ ውስጥ ሚስጥር ብላችሁ ያስገባችኋቸው ማክሮዎች (እንደ ፓስዎርድ ያሉ ዋጋዎችን የሚይዙ ስሞች) እና ዕቃዎቹ ላይ የሚጫኑት የኤጀንቶቹ መቆለፊያ ቁልፎች ዳታቤዙ ላይ በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚቀመጡት። ዳምፑን ያገኘ ሰው የኔትወርካችሁን ፓስዎርዶች አገኘ ማለት ነው። መክፈቻው ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥ። በሁለት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ዋናው መሥሪያ ቤት ካዝና ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው።

የኮንፊጉ ፋይል ትንሽ ስለሆነ ሌሊት አርሲንክ በሚባለው የፋይል መላኪያ ከተማ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይላካል። መስመሩ ቀጭን ቢሆንም ያልፋል፤ የተቋረጠ እንደሆነም እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ፍጥነቱን በአማራጩ ገድቡት፤ የሌሊት ተረኞችም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

ትሬንዱንና ከባዱን ሁሉ በኢንተርኔት ለመላክ አትድከሙ። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ። አንዱ ግቢ ሲሆን ሌላው ከተማ። ዓርብ ማታ ቅጂው ያለቀለትን ይዛችሁ በሰርቪስ ትገባላችሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሌላውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ዲስኩን ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ፣ ጉልበታችሁ ላይ ያዙት። መውጫ ወረቀት አስቀድማችሁ አስፈርሙ፤ በር ላይ የሚፈትሹት ሰው ዲስክ ይዞ የሚወጣ ሠራተኛ ሲያዩ መጠየቃቸው ትክክል ነው።

መልሶ መጫንን መሞከር

በሦስት ወር አንዴ ይህን አድርጉ። አሮጌ ዴስክቶፕም ይበቃል፤ ኮንፊጉ ትንሽ ስለሆነ።

የማይኤስኪውኤሉም የዛቢክሱም ቨርዥን ከዋናው ጋር አንድ ይሁን። ከሁሉ በፊት የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። የተመለሰው ዛቢክስ ልክ እንደ ዋናው ነው፤ ሲነሳ ሁሉንም ዕቃ መለካት ይጀምራል፣ ያልደረሰበትን ሁሉ «ወድቋል» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ሳይቀር መልእክት ይልካል።

ዳታቤዙን በዚያው ካራክተር ሴት ፍጠሩ። ሎግ ቢን ትረስት ፈንክሽን ክሪኤተርስን 1 አድርጉ። መጀመሪያ የቅርጹን ፋይል፣ ቀጥሎ የዳታውን፣ መጨረሻ ትሬንዱን አስገቡ። ከዚያ ዛቢክስን አስነሱና የሎግ ፋይሉን አንብቡ። ዌብ ገጹን ክፈቱ። የዕቃዎቹ ብዛት ከዋናው ጋር እኩል ነው? ያለፈው ሳምንት ያስገባችሁት አዲስ ስዊች አለ? የአማርኛ ስሞቹ ይነበባሉ ወይስ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል? የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ዳምፑ ሲወጣ ወይም ሲገባ ካራክተር ሴቱ ተለውጧል ማለት ነው። በሁለቱም ትዕዛዞች ላይ ዲፎልት ካራክተር ሴት የሚለውን ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ያዙና ደረጃዎቹን በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። እናንተ ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ሰርቨሩ ቢወድቅ አንብቦ የሚሠራው ሌላ ሰው ነውና በስልክ ሳታግዙት የሚገባ አድርጋችሁ ጻፉት። ፓስዎርድ ግን ወረቀቱ ላይ አይሁን።

ቨርዥን ከማሳደግ በፊት

አዲሱ ዛቢክስ ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የዳታቤዙን ቅርጽ በራሱ ይለውጣል። ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ የለውም፤ ያለው መመለሻ ባክአፑ ብቻ ነው። ስለዚህ የሌሊቱን ባክአፕ አትመኑ። ዛቢክስ ሰርቨርን አቁሙ፣ በእጃችሁ አዲስ ባክአፕ አውጡ፣ የመጨረሻውን መስመር እዩ፣ ከዚያ አሳድጉ። ማሻሻያው እየሄደ ሳለ መብራት ቢሄድ ችግር ነውና ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ካሳደጋችሁ በኋላ የባክአፑን ስክሪፕት ክፈቱና የተተዉትን ሰንጠረዦች ዝርዝር እዩ። አዲስ ቨርዥን አዲስ የሂስትሪ ሰንጠረዥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሂስትሪ ቢን የመጣው እንደዚያ ነው። በዝርዝሩ ካልጨመራችሁት የዕለቱ ፋይል ቀስ በቀስ ያብጥና አንድ ሌሊት በቀጭኑ መስመር አላልፍ ይላል።